ኩፍኙ ለቆት ነበር

 

ብዙዎቻችሁ የልጆቻችሁን የደም ምርመራ ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ትልኩልኛላችሁ። «ዶክተር፣ ነጭ የደም ሴሉ 13,000 ይላል፣ ያሰጋል ወይ?» ትላላችሁ። «የእሷ 6,000 ነው፣ አነሰ መሰለኝ፣ ምን ላብላት?» ትላላችሁ። መጠየቃችሁ ተገቢ ነው፤ መልሱን ከታች ታገኙታላችሁ። ዛሬ ግን በዋናነት የማወራችሁ በዚያ ወረቀት ላይ ስለማይጻፍ ነገር ነው። ይህን ነገር ከመጽሐፍ አንብቤው ነበር። በደንብ የገባኝ ግን ምዕራብ ሐረርጌ፣ ጭሮ ስሠራ ባከምኩት የሁለት ዓመት ተኩል ልጅና በእናቱ ምክንያት ነው። ጭሮን ብዙዎቻችሁ በድሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ ብላችሁ ታውቋታላችሁ።

ጊዜው በጋ ነበር። በአገራችን ኩፍኝ የሚበረታው በደረቁ ወራት ነው። እናቲቱ የመጣችው ከሚኤሶ በኩል ነው፤ ከቆላው ወደ ጭሮ ዳገቱን ወጥታ፣ ልጇን አዝላ። ልጁ አተኩሶታል፣ ዓይኖቹ ቀልተዋል፣ አፍንጫው ይፈስሳል፣ ከጆሮው ሥር የጀመረው ሽፍታ ደረቱን አልፎ ወደ እግሩ ወርዷል። ኩፍኝ መሆኑ አያጠራጥርም። ሳንባውን አዳመጥኩ፣ ንጹሕ ነው። ዓይኑን አየሁ፣ ብሌኑ ደህና ነው። ቫይታሚን ኤ በዚያው ቀን ሰጠነው፣ በማግስቱም ደገምነው። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ በረድ ብሎ፣ ልጁም ውኃ ጠይቆ ጠጣ። ደስ አለኝ።

«አይዞሽ እህቴ፣ አልፎለታል፤ ይዘሽው ግቢ» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» ብላ አዝላው ሄደች።

በስድስተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች። ልጁ ያው ልጅ ነው ለማለት ያስቸግር ነበር። ከስቷል። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ተቅማጥም ይዞታል። ስንት ቀን እንደሆነው ጠየቅኳት። አምስት ቀን አለችኝ።

«ለምን እስካሁን ቆየሽ?» አልኳት። ይህ ጥያቄ የታመመ ልጅ ለታቀፈች እናት የሚቀርብ ጥያቄ እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ።

«ወላሂ ዶክተር፣ ከባዱ ያለፈ መስሎኝ ነው። ሳል ነው፣ ይተወዋል ብዬ። ኩፍኙ እኮ ለቆት ነበር። እርስዎም አልፎለታል ብለውኛል።»

እውነቷን ነው። ብያታለሁ።

ውድ ወላጆች፣ ያን ቀን ለእሷ ሳልነግራት የቀረሁትን ነገር ነው ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ። ለመረዳት ግን መጀመሪያ ነጭ የደም ሴሎች ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀስ ብለን እንሂድ።

ነጭ የደም ሴሎች ምን ይሠራሉ?

ደማችን ቀይ የሚመስለው በውስጡ ቀይ የደም ሴሎች ስለሚበዙ ነው። በመካከላቸው በቁጥር እጅግ ያነሱ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። የሚፈለፈሉት በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። ሥራቸው አንድ ነው፤ የሰውነታችን ያልሆነውን ነገር ለይተው ማጥፋት። አሠራራቸው ግን የተለያየ ነው።

ልጃችሁ በባዶ እግሩ ሲሮጥ እሾህ ወጋው እንበል። በእሾኹ ጫፍ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ሥጋው ውስጥ ገቡ። በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሴሎች ከደም ሥር እየሾለኩ ወጥተው እዚያ ይደርሳሉ። ባክቴሪያውን ይውጡታል፣ በውስጣቸው ባለው ኬሚካል ይፈጩታል፣ ብዙዎቹም እዚያው ይሞታሉ። እግሩ ላይ የምታዩት ነጣ ቢጫ ያለ መግል በአብዛኛው የእነዚህ የሞቱ ሴሎች ክምችት ነው። ቦታው የሚቀላው፣ የሚሞቀውና የሚያብጠው የደም ሥሮች ተከፍተው ተጨማሪ ደምና ተጨማሪ ሴል ስለሚያመጡ ነው። የኒውትሮፊል ዕድሜ አጭር ነው፤ ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት። ለዚህም ነው መቅኔያችን በየቀኑ ወደ 100 ቢሊዮን የሚጠጋ አዲስ ኒውትሮፊል የሚያመርተው።

እነዚህ ፈጥኖ ደራሾች ናቸው። ነገር ግን አይመርጡም፣ አያስታውሱም። የመጣውን ሁሉ በአንድ መንገድ ይገጥማሉ።

ሊምፎሳይት የሚባሉት ሌሎቹ ነጭ ሴሎች ደግሞ በተቃራኒው ናቸው። ቀርፋፋ ናቸው፣ ግን ይለያሉ፣ ያስታውሳሉ። ሌሎች ሴሎች ከወራሪው ጀርም ቁራጭ ይዘው በአንገት፣ በብብትና በጉያ ወዳሉት ዕጢዎች ይሄዱና ለሊምፎሳይቶቹ ያሳያሉ። «ንፍፊት አበጠበት» የምትሉት ይህ ሥራ ሲጧጧፍ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ሊምፎሳይቶች መካከል ያንን ጀርም የሚገጥመው ይመረጣል፣ ይባዛል። ግማሾቹ አንቲቦዲ ያመርታሉ፤ አንቲቦዲ ከጀርሙ ላይ ተጣብቆ ሰውነታችንን እንዳይጎዳ የሚያስረው ፕሮቲን ነው። ሌሎቹ ቫይረስ የገባበትን ሴል ፈልገው ይገድላሉ። ይህ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው ልጁ የሚታመመው።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አብዛኞቹ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን በመቅኔ፣ በጣፊያና በዕጢዎች ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣሉ። የትውስታ ሴሎች እንላቸዋለን። ያው ጀርም ተመልሶ ቢመጣ አንድ ሁለት ሳምንት አይጠብቁም፤ ገና ሳይባዛ ይደርሱበታል። ልጁ መታመሙን እንኳ ላታውቁ ትችላላችሁ።

ይህ ትውስታ ምን ያህል ይቆያል? አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ፓኑም የተባለ ወጣት የዴንማርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1846 በሰሜን አትላንቲክ ወዳሉት የፋሮ ደሴቶች ተላከ። ከ8,000 ከማይበልጠው ነዋሪ ወደ 6,000 የሚሆነው በኩፍኝ ታሞ ነበር። በደሴቶቹ ከዚያ በፊት ኩፍኝ የገባው በ1781 ነው። ሐኪሙ አንድ ነገር አስተዋለ። በልጅነታቸው፣ ከ65 ዓመት በፊት ኩፍኝ ይዟቸው የነበሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አንዳቸውም አልታመሙም። ነጭ ሴሎቻቸው ለ65 ዓመታት አልረሱም ነበር።

እናንተም ይህን በቤታችሁ ታውቁታላችሁ። ኩፍኝ አንዴ የያዘው ሰው ሁለተኛ አይዘውም ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው።

ኩፍኝ የሚያጠቃው ማንን ነው?

ኩፍኝን የቆዳ በሽታ አድርገን እናየዋለን፤ ሽፍታው ስለሚታየን። ቫይረሱ ግን ገና በትንፋሽ ገብቶ ሽፍታው ሳይወጣ በፊት በዋናነት የሚወርረው ነጭ የደም ሴሎችን ነው። ከነጭ የደም ሴሎችም የትውስታ ሴሎቹን አጥብቆ ይፈልጋል፤ ቫይረሱ የሚገባበት በር የሚሆነው ፕሮቲን እነሱ ላይ በብዛት ስላለ ነው። ሊከላከሉት የተቀመጡት ራሳቸው መራቢያው ይሆናሉ ማለት ነው።

ሰውነት በመጨረሻ ያሸንፋል። ቫይረሱ የገባባቸውን ሴሎች እያደነ ይገድላል። ሽፍታውም በአብዛኛው የዚህ ውጊያ ምልክት ነው። ሽፍታው ሲከስም፣ ትኩሳቱ ሲወርድ «ለቀቀው» እንላለን። ነገር ግን በዚያ ውጊያ ከሞቱት ሴሎች መካከል ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ያገኛቸውን ሌሎች ጀርሞች የሚያስታውሱ ነበሩበት። የሳንባ ምች ባክቴሪያውን የሚያውቀው፣ የተቅማጥ ቫይረሱን የሚያውቀው፣ ሌላውም ሌላውም።

በምሳሌ ልንገራችሁ። አንድ ገበያ የሚጠብቁ ሃያ ዘበኞች አሉ እንበል። ብዙ ዓመት የቆዩ ናቸው፤ ሌባውን ሁሉ በመልኩ፣ በአረማመዱ ያውቁታል። ገና ከሩቅ ሲያዩት «አንተ፣ ተመለስ!» ይሉታል። አንድ ሌሊት ወንበዴ ገባና ከእነዚህ ነባሮች ብዙዎቹን ፈጀ። ወንበዴው ተያዘ። በሞቱትም ቦታ ወዲያው አዲስ ዘበኞች ተቀጠሩ። ብትቆጥሯቸው ሃያ ናቸው፤ አልጎደሉም። ግን አዲሶቹ በመልኩ የሚያውቁት ያንን ወንበዴ ብቻ ነው። የድሮዎቹ ሌቦች በፊት ለፊታቸው ቢያልፉም አይለዩአቸውም።

ኩፍኝ የሚያደርገው ይህንን ነው። የራሱን ትውስታ ትቶ፣ የሌላውን ይዞ ይሄዳል።

ይህን ሐኪሞች መጠርጠር የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ፎን ፒርኬ የተባለ የኦስትሪያ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1908 የሳንባ ነቀርሳ የቆዳ ምርመራ ምላሽ የነበራቸው ልጆች ኩፍኝ ሲይዛቸው ምላሹ እንደሚጠፋ ጽፎ ነበር። ሰውነታቸው የሚያውቀውን ረሳ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ነገሩ በቁጥር ታየ። በኔዘርላንድስ ክትባት ካልወሰዱ 77 ልጆች ኩፍኝ ከመያዛቸው በፊትና ከያዛቸው በኋላ ደም ተወስዶ አንቲቦዲያቸው ተመረመረ። ልጆቹ ለሌሎች ጀርሞች ከነበራቸው የአንቲቦዲ ስብስብ ከ11 እስከ 73 ከመቶ የሚሆነውን አጥተው ተገኙ። የኩፍኝ ክትባት በወሰዱ ልጆች ላይ ግን እንዲህ ያለ ጉዳት አልታየም። ከዚያ በፊት በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ከኩፍኝ በኋላ ልጆች በሌሎች በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ለሁለትና ለሦስት ዓመት ከፍ ብሎ እንደሚቆይ አሳይቷል።

ልብ በሉ፤ እነዚያ የኔዘርላንድስ ልጆች ጠግበው የሚያድሩ፣ ንጹሕ ውኃ የሚጠጡ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. በነበረው ድርቅ ምዕራብ ሐረርጌ ምን ያህል እንደተጎዳ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ምግብ የጎደለው ልጅ መቅኔውም፣ ዕጢዎቹም ይደክማሉ፤ ሴል ለመሥራት ፕሮቲን ይፈልጋል፣ ቫይታሚን ይፈልጋል። በጣም የከሳ ልጅ ከባድ ኢንፌክሽን ይዞት ትኩሳት እንኳ ላያሳይ ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ላይ ኩፍኝ ሲጨመርበት በአንድ ጊዜ ምግቡንም ትውስታውንም ያጣል።

ወደ ልጁ እንመለስ

ኦክስጅን አደረግንለት። በመርፌ አንቲባዮቲክ ጀመርን። ለተቅማጡ ኦ አር ኤስና ዚንክ ሰጠነው። የደም ምርመራው ሲመጣ ነጭ የደም ሴሉ ከፍ ብሎ ነበር፤ ኒውትሮፊሎቹ በብዛት ወጥተው እየተዋጉ ነው። እናቲቱ ወረቀቱን በእጄ አይታ «ወታደሩ አለው ወይ?» አለችኝ። ነርሷ ነጭ ሴል ማለት ወታደር ነው ብላ አስረድታታለች።

«አለው፣ ብዙ ነው» አልኳት።

«ታዲያ ካለው ለምን ታመመ?»

ያን ጊዜ ነው ተቀምጬ የዘበኞቹን ምሳሌ የነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ የአራት ዓመት ልጇን አነሳችብኝ። ትልቋ ልጅ ከእሱ ጋር በአንድ መኝታ ነው የምትተኛው፤ በአንድ ዕቃ ነው የሚበሉት። እሱን ኩፍኝ ሲይዘው እሷን አልነካትም። የኩፍኝ ቫይረስ የታመመው ሰው ከወጣ በኋላ እንኳ ክፍሉ ውስጥ በአየር ላይ እስከ ሁለት ሰዓት መቆየት ይችላል። መከላከያ ከሌላቸው አሥር ሰዎች ዘጠኙን ይይዛል። እሷን ለምን ተዋት?

እናቲቱ ራሷ መለሰችው። ትልቋ በዘጠኝ ወሯ ተከትባለች፣ በአሥራ አምስት ወሯም ተከትባለች። የእሱ ቀን ሲደርስ ግን ጉንፋን ይዞት ነበር። «ሲሻለው እወስደዋለሁ ብዬ ተውኩት። ከዚያ የማሽላ አጨዳ ደረሰ። ከዚያ ረሳሁት» አለችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

አልተቆጣኋትም። ቀላል ጉንፋን፣ ቀላል ትኩሳት፣ ቀላል ተቅማጥ ክትባት እንደማያስቀር የነገራት ሰው ነበር ወይ? እኔስ ከስድስት ሳምንት በፊት ልጇን ስሸኝ የነገርኳት ምን ነበር?

ልጁ በዘጠነኛው ቀን ከኦክስጅን ነፃ ሆኖ፣ ገንፎ እየበላ ወጣ። ሁሉም እንደዚህ አይወጣም። ከኩፍኝ ጋር በተያያዘ የሚሞቱ ልጆች አብዛኞቹ የሚሞቱት በሽፍታው አይደለም፤ ተከትሎ በሚመጣ የሳንባ ምች፣ በተቅማጥ፣ አልፎ አልፎም በአንጎል ጉዳት ነው። ስትወጣ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ዶክተር፣ የረሱትን ማን ያስታውሳቸዋል?»

ይህን ጥያቄ እስካሁን አልረሳሁትም። መልሱ የሚከተለው ነው።

ልጃችሁ ኩፍኝ ይዞት ከነበረ

የጠፋውን ትውስታ የሚመልስ ክኒንም መርፌም የለም። ሰውነቱ ጀርሞቹን አንድ በአንድ እንደገና እያገኘ ይማራል። ይህ ወራትና ዓመታት ይፈጃል። የእናንተ ሥራ እስከዚያ ድረስ ልጁን በሕይወት ማቆየት ነው።

አንደኛ፣ በኩፍኙ ጊዜ ቫይታሚን ኤ ማግኘቱን አረጋግጡ። በሁለት ተከታታይ ቀናት ይሰጣል፤ መጠኑ በዕድሜው ነው። ዓይኑን ከመታወር ያድናል፣ የሞት አደጋንም ይቀንሳል። ዓይኑ ውስጥ ቅጠልም ሆነ ሌላ የቤት መድኃኒት አታድርጉ።

ሁለተኛ፣ «ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሐኪም ቤት አይሄድም፣ ይውጣለት» የሚለውን ተዉት። «እህል አይቅመስ» የሚለውንም ተዉት። ጡት የሚጠባ ይጥባ፣ የሚበላ ይብላ፤ አፉ ስለሚቆስል ለስለስ ያለ ምግብ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ስጡት። ከበሽታው በኋላ ባሉት ሳምንታት ከወትሮው አንድ ምግብ ጨምሩለት። እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላና ሽምብራ፣ በቆላ ላላችሁ ደግሞ የግመል ወተት ተፈልቶ፣ ነጭ ሴል የሚሠራው ከእነዚህ ነው። ለየት ያለ «ደም የሚያጠራ» መድኃኒት አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ሽፍታው ከወጣ በኋላ እስከ አራት ቀን ድረስ ከሌሎች ልጆች ለዩት። የቤቱን መስኮት ክፈቱ።

አራተኛ፣ ይህን እባካችሁ አትርሱ፤ ከኩፍኝ በኋላ ባሉት ወራት የሚመጣ ሳልና ተቅማጥ እንደ ማንኛውም ሳልና ተቅማጥ አይታይም። በዚያው ቀን ይዛችሁት ሂዱ። ትንፋሹን ቁጠሩ። ዕድሜው ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጠነ ይባላል። ሲተነፍስ ደረቱ ከታች ከሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ፣ ሰገራው ደም ካለበት ወይም የዓይኑ ብሌን ከደፈረሰ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ።

አምስተኛ፣ ካርዱን አውጥታችሁ የጎደለውን ክትባት አሟሉ። «ኩፍኝ ይዞታል፣ ከእንግዲህ ክትባት ምን ያደርግለታል?» አትበሉ። ሌሎቹ ክትባቶች ከመቼውም ይልቅ የሚያስፈልጉት አሁን ነው።

ስድስተኛ፣ ለኩፍኝ ብላችሁ ከፋርማሲ በራሳችሁ አንቲባዮቲክ አትግዙ። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ባክቴሪያ ተከትሎ ከመጣ ሐኪም አይቶ ያዝዛል።

ኩፍኝ ያልያዘው ልጅስ?

ክትባት ማለት ለዘበኛው የሌባውን ፎቶ ማሳየት ነው። በክትባቱ ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ነው። ሊምፎሳይቶቹ ያዩታል፣ ይማሩታል፣ ያስቀምጡታል። ነባሮቹ ዘበኞች አይሞቱም። በሽታው ሌላውን ሁሉ አስረስቶ የሚያስተምረውን፣ ክትባቱ ምንም ሳያስረሳ ያስተምራል። «ያዘውም፣ ተከተበም ያው ነው፣ ሁለቱም መከላከያ ይሰጣሉ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ልዩነቱን በዚህ አስረዱት።

በአገራችን የክትባት ፕሮግራም ከተጀመረ ከ1972 ዓ.ም. ወዲህ የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝ ወር ሲሰጥ ቆይቷል። በዘጠኝ ወር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃኑ ሲወለድ ከእናቱ አንቲቦዲ ይዞ ይወጣል፤ ያ አንቲቦዲ ክትባቱን ቶሎ ካገኘው ሊምፎሳይቶቹ ሳይማሩት ያጠፋዋል። ወደ ዘጠኝ ወር ገደማ የእናትየው አንቲቦዲ ይመነምናል። ያኔም ቢሆን ከተከተቡት ከመቶ አሥራ አምስት የሚሆኑት በአንድ ጊዜ ላይማሩት ይችላሉ። ለዚህ ነው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአሥራ አምስት ወር ሁለተኛ ክትባት የተጨመረው። ብዙ ወላጅ የዘጠኝ ወሩን አስከትቦ «ጨርሻለሁ» ይላል። አልጨረሳችሁም።

ዘመቻ ሲመጣም በካርድ ተከትቧል ብላችሁ አታስቀሩት፤ በዕድሜ ክልሉ ውስጥ ከሆነ ይከተብ፣ ተጨማሪው አይጎዳውም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ኮሮና አገሩን ባስፈራበት ጊዜ እንኳ ዘመቻው ተካሂዶ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተከትበዋል። ባለሙያዎቹ አፋቸውን ሸፍነው በየቀበሌው የዞሩት ኩፍኝ እንደማይጠብቅ ስለሚያውቁ ነው። ኩፍኝ እንዳይዛመት ከመቶ ልጆች ወደ 95 የሚሆኑት መከተብ አለባቸው። የእናንተ ልጅ ከቀረ የጎረቤት የአምስት ወር ሕፃን፣ ገና ዕድሜው ለክትባት ያልደረሰው፣ በእሱ በኩል ይጋለጣል።

ስለ ላቦራቶሪ ወረቀቱ

ቃል የገባሁትን መልስ ልስጣችሁ። በአዋቂ ሰው ነጭ የደም ሴል በአብዛኛው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ4,000 እስከ 11,000 ነው። በትንንሽ ልጆች ግን ከዚህ ከፍ ይላል፤ በሁለት ዓመት ልጅ ከ6,000 እስከ 17,000 ድረስ ጤናማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሁለት ዓመት ልጅ 13,000 ስላለው ብቻ አትደንግጡ። ቁጥሩ የሚነበበው ከዕድሜው፣ ከትኩሳቱ፣ ከሳሉ፣ ከምግብ ፍላጎቱ ጋር ነው። ወረቀቱን ላዘዘው ሐኪም አሳዩት፤ ልጁን በዓይኑ ያየው እሱ ነው።

ደግሞም ወረቀቱ ስንት እንደሆኑ እንጂ ማንን እንደሚያውቁ አይነግራችሁም። ለዚያ የሚቀርበው ማስረጃ ቤታችሁ ያለችው የክትባት ካርድ ናት።

ከዚያ በጋ ወዲህ ኩፍኝ የያዘውን ልጅ ስሸኝ «አልፎለታል» አልልም። «ኩፍኙ አልፏል፤ የእኛ ጥበቃ ግን ገና አሁን ጀመረ» እላለሁ፤ የሚመለሱባቸውን ምልክቶች አንድ በአንድ እናቲቱ መልሳ እስክትነግረኝ ድረስ አስረዳለሁ። አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ያቺ እናት እነዚያን አምስት ደቂቃዎች አላገኘችም፤ እናንተ እንድታገኟቸው ብዬ ነው የጻፍኩት።

ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ካርዶቹን ከሣጥን አውጡ። የዘጠኝ ወሩንና የአሥራ አምስት ወሩን መስመር ተመልከቱ። ባዶ ከሆነ ነገ ጠዋት በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ በነፃ ነው። ካርዱ ከጠፋም ሳታፍሩ ሂዱ። ጉንፋን ይዞትም ቢሆን ሂዱ። አጨዳው ይደርሳል።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ የታመመ ልጅን ምርመራ አይተካም። ስልክ የሌላት፣ ማንበብ የማትችል ጎረቤት ካለቻችሁ አንብቡላት። በአፋን ኦሮሞም፣ በሶማልኛም ተርጉማችሁ ንገሩልኝ።

ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። ቸር እንሰንብት።